የአሰፋች ጎረቤቶች

«ይችን መስመር አውጫት» አሉ የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ዘርትሁን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «‹በአያና ከተማ ለሃያ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ኖረው ወደ ነቀምቴ መጡ› በይና እለፊ። እንዴት እንደመጡ ማን ጠየቀሽ?»

እየሩስ ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ያሳደገቻት አክስቷ አሰፋች ያረፈችው ትላንት ጠዋት ነው፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የሕይወት ታሪኩን የምታነበው ደግሞ እሷ ናት፤ ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት እንኳ ሁለቴ የምታስብ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ዘመድ ተሰብስቦ «እሷ ታንብብ» አለ፤ በቃ፣ ተወሰነ።

«አደራ ብላኛለች» አለች። «‹የዋቅወያን ስም ሳትጠሪ እንዳታስቀብሪኝ› ነው ያለችኝ።»

አቶ ዘርትሁን ዞር ዞር ብለው ማንም አለመስማቱን አረጋገጡ። «ለሟች ስትይ በሕይወት ያለውን እንዳታስፈጂ» ብለዋት ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ከአራት ዓመት በፊት አያና ላይ ተኩስ የተከፈተ ቀን፣ የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ፣ ጎረቤታቸው ዋቅወያ እየሩስንና አክስቷን በቆሎ ጎተራው ውስጥ ሦስት ቀን ደብቋቸዋል። በሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ማንም የለም» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። የእሱ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም። የእሷ ጥርስ ግን እንዳይንገጫገጭ አክስቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳባት ነበር። ዋቅወያ ዛሬም የሚኖረው አያና ነው። እዚያው ያርሳል፣ እዚያው ያድራል፤ ያን ቀን ጎተራው ውስጥ ማን እንደነበረ እዚያ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ዋቅወያን አጥሩ ጥግ ላይ አየችው። ሽማግሌው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ሮጣ ሄደች።

«ኦቦ ዋቅወያ!»

«ቀስ በይ፣ ኢንተላ ኮ» አላት። እዚያ ጎተራ ውስጥም ልጄ ለማለት እንዲሁ ነበር የሚጠራት። «አታልቅሺና ስሚኝ። አንቺ እንደምታነቢ ሰማሁ። የጎተራውን ነገር እንዳታነሺ። ያውልሽ፣ ከእነዚያ ሁለት ልጆች ጋር ከአያና በአንድ መኪና ነው የመጣነው። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ሜቲ ቤት ብቻዋን ናት።»

ሜቲ ሚስቱ ናት።

«አደራውስ?»

«ጎረቤት እንደነበርን አገር ያውቃል። ከዚያ ያለፈውን ተይው።»

እየሩስ እሱ ወዳመለከታት የጽድ ዛፍ ተመለከተች። ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። አንደኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ምናልባት አክስቷ ዩኒፎርም የሰፋችላቸው ልጆች ይሆናሉ፤ ምናልባትም አይደሉም። የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ስሟ ሲጠራ ወጣች። «ወይዘሮ አሰፋች ሠርፀ…» ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። የት እንደተወለዱ፣ መቼ አያና እንደገቡ፣ የስንቱን ተማሪ ዩኒፎርም እንደሰፉ አነበበች። ከዚያ ያች መስመር ላይ ደረሰች። ጣቷን አሳረፈችባትና ቆመች።

አቶ ዘርትሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ሴት፣ ልጅቷን ሐዘን ያሸነፋት መስሏት፣ እሪ አለች። ስልኩ አሁንም እንደተቀሰረ ነው። ካነበበች ሜቲን አስባ መተኛት አትችልም። ከዘለለችው ደግሞ አክስቷን በባዶ ቃል መሸኘቷ ነው።

መስመሯን ዘላ መጨረሻው ላይ ካለው ምስጋና ገባች። ወረቀቱ ላይ የነበረው «በሐዘናችን ለተገኛችሁ ሁሉ» የሚል ብቻ ነው። ከወረቀቱ ቀና ብላ የአያናውን ሰፈር በር በበር በሐሳቧ መሄድ ጀመረች።

«አክስቴ ጎረቤቶቿን አመስግኚልኝ ብላኛለች። የስፌት መኪናዋ ሲበላሽ ይጠግኑላት ለነበሩት ለአቶ ቢራቱ። ስትታመም አጥሚት ላላቋረጡባት ለወይዘሮ ሸዋጌጥ። ከሱቃቸው ክር በዱቤ ይሰጧት ለነበሩት ለአቶ በርናባስ። ውሃ ሲጠፋ ውሃ ላቀበሏት ለአቶ ዋቅወያና ለወይዘሮ ሜቲ። የቤቷን ቆርቆሮ ለመቱላት ለአቶ ሽብሩ…»

የዋቅወያን ስም ከሌሎቹ አላስበለጠችም። ድምፅዋንም ከፍም ዝቅም አላደረገችም። ከሁሉም የከበዳት ይኸው ነበር። ሌሎች አራት ጎረቤቶች ጠርታ ስትጨርስ ጀርባዋ በላብ ረጥቧል። ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፊቱ ላይ ግን ምንም አልተነበበም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ተሰልፎ ቤተሰቡን ሲያጽናና፣ ዋቅወያም ተራውን ጠብቆ መጣ። ሁለቱ ወጣቶች ከኋላው ናቸው። እየሩስ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ መጮህ አማራት።

«ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አላት፣ ሁሉም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንደሚላት። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ገለቶማ፣ ኦቦ» ብላ አመሰገነችው። እጁን ከሌላው ሰው እኩል ያዘች፣ ከሌላው ሰው እኩል ለቀቀችና ከኋላው ለቆመው ወጣት እጇን ዘረጋች።