ዳማው የተፈረደበት ዕለት

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ታኅሣሥ ማለቂያ፣ እንየው ጋጣው ውስጥ፣ ከዳማ ፈረሱ ራስ ሥር፣ ማጅራቱ ተፈልጦ ሞቶ ተገኘ። የዘንገና መንደር ወዲያው ፈረደ፤ ፈረሱ ረግጦ ገድሎታልና ዛሬውኑ ይገደል ተባለ። አይ ሰው! ለፈረስ ማን ጠበቃ ያቆማል?

ከዳንግላ የተጠራው የፖሊስ መቶ አለቃ ዓለምነው ግን የጋሪ ነጂ ልጅ ነው። ከሬሳው አስቀድሞ ፈረሱን አየ። ዳማው ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ምሰሶውን ግጦ ግጦ አቅጥኖታል፤ ቆሞ ሳለ ላብ ያጠምቀዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ወር ሆነው» አለች የሟች ሚስት ደብሪቱ። ፈረስ ስለምትፈራ ከደጅ ናት። «ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ይወፍር ብሎ ከባዝራዋ ለየው። አሳጥሮ አስሮ ገብስ ብቻ ነው የሚያበላው።»

«ጓደኛ ተነጥቆ፣ መላወሻ አጥቶ! ሰውም ያብዳል፣ እመት።»

የሟች የጉግስ ባላንጣ፣ ጎረቤቱ በዛብህ ብቅ ሲል ዳማው ጆሮውን አጥፎ ጥርሱን አገጠጠበት። ከውርንጭላነቱ የገራው የሟች ታናሽ ወንድም ደጉ አንገቱን ሲዳብሰው ግን ጸጥ አለ።

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። ከደጅ አይቼ ጮህኩ እንጂ አልገባሁም።»

ዓለምነው ሦስቱንም ጋጣው ደጃፍ ሰበሰበ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። መሬቱን እዩት፤ የፊት እግሮቹ ወር ሙሉ አንድ ቦታ እየረገጡ አጎድጉደውታል። ገመዱ አጭር ስለነበር መዞር አይችልም ነበር። ሟች የወደቀው ከፊቱ ነው፤ የኋላ እግር እዚያ አይደርስም። ደሙ የወረደው ከግርግሙ ድንጋይ ነው። ሰው ገፍቶታል።»

«ገመዱ ረጅም ነው እኮ!» አለ በዛብህ።

«አሁን ነዋ! ከጎድጓዳው ውጭ ያለው የኮቴ ዱካ የረጋ ደም ላይ ነው። ገመዱ የረዘመው እንየው ከሞተ በኋላ ነው። ገዳዩ ለፈረሱ አዝኖ አርዝሞ አሰረው። እመት ደብሪቱ አይደፍሩትም፤ እርስዎን አቶ በዛብህ አያስጠጋም። የሚያስጠጋው ደጉን ነው፤ እሱ ግን አልገባሁም አለ።»

ደጉ ተንበረከከ። «ፍታው ብዬ ለመንኩት፤ ጭራሽ ዳማውን በአለንጋ ይገርፈው ጀመር። ገፋሁት... ወንድሜን! ያሳደግሁት ፈረስ ሲፈረድበትም ዝም አልኩ።»

መቶ አለቃው እጁን ሲያስረው ደብሪቱ እንባዋን ጠረገች። «በወጋችን ሟች ፈረሱ ከፊት ሳይቀድመው አይቀበርም፤ ዳማውን የሚስብ ሌላ ሰው የለም። እስከ ቀብሩ ይፍቱልኝ።»

ዓለምነው ፈታው። ደጉ ዳማውን ሸልሞ፣ በገዛ ወንድሙ ሬሳ ፊት እየሳበ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አነባ። እንየው አፈር ከለበሰ በኋላ ልጓሙን ለደብሪቱ ሰጣት።

«ከባዝራዋ አትለዩት» አለና እጆቹን ለመቶ አለቃው ዘረጋ።