የምትታረደው ቀይዋ

ከጥርስ ሠሪው ጋር የተዋወቅነው ግንባሩን ፈንክቼው ነው። አላፍርበትም። ትንሽ ግን አፍራለሁ።

እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆዳና ሸራ ስወጋ እከርምና ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አሮጌው መጋዘን ግቢ እሄዳለሁ፤ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ የውድድር መኪኖች እዚያ ይሽቀዳደማሉ። ክንድ የምታህል ቀይ መኪና አለችኝ። የዚያን ቀን አንደኛ ነበርኩ። መጨረሻው ኩርባ ላይ አንድ ሰማያዊ መኪና ጎኗን መትቶ ከግንቡ ጋር አላተማት። የፊት እግሯ ከነጎማው ተገንጥሎ ሲንከባለል ሳይ ደሜ ፈላ፤ የያዝኩትን ሪሞት በሰማያዊው ባለቤት ላይ ወረወርኩት።

ሰውዬው አልተሳደበም። በቅንድቡ ላይ የሚወርደውን ደም በመዳፉ ጠረገና «መኪናሽ ክፉኛ ተጎዳች?» አለኝ።

«አንተ ዓይን የለህም እንዴ?»

«አንድ አለኝ። ሌላውን ደም ሞልቶብኛል።»

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። ሻርፔን አጥፌ ግንባሩ ላይ ያዝኩለት። ልብስ ሰፊ መሆኔን ሲሰማ «እንግዲያው የቀደድሽውን ስፊው» አለ። ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ቦታ ሰፉት፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲወጣ አየኝ። እኔም አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልበቃን አለ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ክፍሉ ድረስ እየሄድኩ ምሳዬን እበላለሁ። መደርደሪያው ሙሉ የጀሶ ጥርስ ነው። «እነዚህ ሁሉ እያዩኝ እንዴት ልዋጥ?» እለዋለሁ። «አታስቢ፣ አንዱም የራሱ ሆድ የለውም» ይለኛል። ወደድኩት፤ እንደ ሞኝ ወደድኩት።

ወንድም ጋሼ ግን አለ። እናትና አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። የግንባታ ብረት ሲያጣምም የኖረ ክንድ ነው ያለው፤ የሚወደኝም በዚያው ክንዱ ነው። ሁለት ጊዜ ሰላም ያለኝን ሰው እጁን ሰብሮታል። አንዴ አምሽቼ ስገባ እኔኑ በጥፊ ብሎኝ ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። እወደዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። ቤት ውስጥ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ቀይዋ» ነው የሚለኝ። ይህን ከቤት ውጪ የሚያውቅ የለም። ጥርስ ሠሪውም አያውቅም።

መኪናዬ እንደተሰበረች ቀረች። የእሷ ዓይነት መሠራት ካቆመ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ለብቻው አይገኝም። ያለው መላ ሁለተኛ እሷን የመሰለች ገዝቶ ማረድ ነው። መኪና ለመለዋወጫ ሲፈታ በጋራዥ ቋንቋ «ታረደ» ይባላል። ጥርስ ሠሪው ይህን ቃል የተማረው ከእኔ ነው። ምነው ባላስተማርኩት!

ሳይነግረኝ ከአንድ ውድድር ካቆመ ሰው ሁለተኛዋን ገዛ። እሷም ቀይ ናት። «ምሳ ሰዓት ነይ፣ የማሳይሽ አለ» አለኝ። እስክመጣ ድረስ ከሻጩ ጋር በስልክ ሲያወራ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የአጥር ግንብ ይሠራ ነበርና ወንድም ጋሼ ብረት ያጣምማል።

«አዎ፣ ቀይዋን ዛሬውኑ አርዳታለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው። «ኧረ እሷ ምንም አታውቅም፤ አሁን ትመጣለች። የፊት እግሮቿን እነቅላለሁ፣ የሆዷን ዕቃ አወጣለሁ። የተረፈውን ማን ይፈልገዋል? እጥለዋለሁ።»

ወንድም ጋሼ ቀና ሲል ምሳዬን ይዤ ወደዚያው ስመጣ ከሩቅ አየኝ፤ ብረቱን እንደያዘ ገባ።

እኔ ስደርስ በሩ ከማጠፊያው ወጥቷል። ጥርስ ሠሪው ወለሉ ላይ ነው። ወንድሜ ግራ እጁን በጫማው ረግጦ «ቀይዋን ነው የምታርደው? ቀይዋን?» እያለ አፉን ይመታዋል። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። «መኪና… መኪና…» ይላል ከደሙ ውስጥ። መደርደሪያው ወድቆ የጀሶ ጥርሶች ተበትነዋል፤ የእሱ ሁለት ጥርሶች በመካከላቸው ወድቀው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

አልጮህኩም። ጠረጴዛው ላይ እጄ ያገኘውን አንስቼ በሙሉ ኃይሌ የወንድሜን አፍ መታሁት። ደግሜ መታሁት። የፊት ጥርሱ ወለቀ፤ በእጄ የያዝኩትም ለሁለት ተሰነጠቀ።

ብረቱ ከእጁ ወደቀ። «ቀይዋ» አለኝ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ሊያርድሽ ነበር እኮ።»

እጄን አየሁ። የእኔን የምትመስል ስባሪ ቀይ መኪና ይዣለሁ። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይቺን ነው ወንድም ጋሼ» አልኩት። «የሚያርደው ይቺን ነበር።»

እዚያው ተቀመጠ። ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

ሆስፒታል ውስጥ ጥርስ ሠሪው አልጋ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። እሱ «ይቅር ብያለሁ» ቢል ወንድሜ ቶሎ ይወጣል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

«የምትለምኚኝ ነገር አለ?» አለኝ ባበጠ ከንፈሩ።

ወንድሜ ያሳደገኝ ሰው ነው። ልለምነው ግን አልቻልኩም፤ እኔም በተራዬ የምደበድበው መሰለኝ።

«የለም። የሆነውን ተናገር። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«‹የትኛዋን?› ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ» አለ፣ «ጥርሴ አፌ ውስጥ ነበር።»

የሆነውን ተናገረ። ወንድሜ ስምንት ወር ተፈረደበት። ከቤቱ ወጣሁ፤ እስር ቤት ሄጄም ነገርኩት፦ «አንድ ጊዜ በማንም ላይ እጅህን ብታነሳ እህት የለህም።» አንገቱን ደፋ።

ጥርስ ሠሪው ለራሱ ሁለት ጥርስ ሠራ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የማይነጫነጭ ደንበኛ አገኘሁ» አለ። ሁለቱ ጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

ወንድም ጋሼ በተፈታ በሳምንቱ፣ ምሳ እየበላን ሳለን፣ አዲሱ በር ተንኳኳ። ከውጭ ቆሞ «ልግባ?» አለ። በሕይወቱ አስፈቅዶ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ አየሁት። ካርቶን ታቅፏል። ከፈተው፤ ቀይ መኪና ናት፣ ያቺኑ የምትመስል።

«ፈልጌ ፈልጌ ነው» አለ። «ለ… ለማረድ።»

ጥርስ ሠሪው በደህና እጁ ወንበር ሳበለት፣ አፉን አስከፍቶ የወለቀውን ቦታ አየ። ከዚያ የጥርስ ቅርጽ የሚይዘውን ሊጥ አቡክቶ አፉ ውስጥ ሞላው። «እስኪደርቅ አትናገር፣ አትንቀሳቀስ» አለውና ፊቱ ቆመ።

«ቀይዋን ልወስዳት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

የወንድሜ ቡጢ ተጨበጠ። አየሁት። የወንበሩን ክንድ ይዞ ጅማቱ ተገተረ። አንዴ ቢነሳ ወንድም እንደሌለኝ አውቄዋለሁ። ሊጡ እስኪደርቅ ጠበቅን።

ጥርስ ሠሪው ሊጡን ከአፉ አወጣለት።

ወንድም ጋሼ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። ቡጢው ቀስ በቀስ ተፈታ።

«የትኛዋን?» አለ።

እንባዬ መጣ። ልቆጣጠረው አልፈለግሁም።

«ሁለቱንም» አለ ጥርስ ሠሪው። «የማርደው ግን አንዷን ብቻ ነው።»