ከላይ የመጀመሪያዋ ቧንቧ

«ዶክተር፣ ቀለሙን የምጨምርባት ቧንቧ የቷ ናት? ቶሎ በል እንጂ፣ እጄ ዛለ!» አለች በቁመቷ የተነሳ ቀጭኔ የሚሏት የክፍል ጓደኛው። በአንድ እጇ የበግ ኩላሊት፣ በሌላው ቀይ ቀለም የሞላው ሲሪንጅ ይዛለች።

ዶክተር የሚያየው የባዮሎጂ ክፍሉን ጣሪያ ነበር። በልጅነቱ «ሐኪም ነው የምሆነው» ካለ ወዲህ እናቱም አጎቶቹም የክፍሉ ልጆችም ስሙን ትተው በዚሁ ይጠሩታል። ዛሬ ግን ሳህኑ ላይ ያለውን ደም ገና ሲያይ ዓይኑን አሸሸ። ለቀጭኔ እንዴት ይንገራት? «እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል!» ሲላት ከርሞ!

የመጽሐፉን ሥዕል ግን እንደ ውኃ ጠጥቶታል። «ደም የሚያስገባው ደም ቅዳ፣ የሚያስወጣው ደም መልስ፣ ከታች ደግሞ የሽንት ቧንቧ። ከላይ የመጀመሪያዋ ውስጥ ጨምሪው!»

አመነችው። ቀለሙን ገፋችና ኩላሊቱን በቢላዋ ለሁለት ከፈለችው።

መምህርቷ መጥተው አጎነበሱ። ቀለሙ በቀጫጭን ደም ሥሮች ተበትኖ ጠቆር ያለው ዳር ድረስ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን ሽንት የሚጠራቀምበት ነጭ ጎድጓዳ መሃል ላይ ኩሬ ሠርቶ ተቀምጧል።

«ገልብጣችሁ ይዛችሁት በሽንት ቧንቧ ነው የገባው» አሉ። «ቧንቧዋን ማን መረጠ?»

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ቀጭኔ ፈጠን ብላ።

ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ዶክተርነቱም አይነካም። ግን አፍንጫዋ ላይ ቀይ ቀለም እንደተፈናጠረባት ቆማ ሲያያት ከልቡ አፈረ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሳላይ ነው የነገርኳት። ደም... እፈራለሁ።»

«ዶክተር ተብዬው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀጭኔም ሳቀች፤ ራሱ ዶክተርም ሳያስበው ሳቀ። ደረቱ ቅልል አለው።

መምህርቷ ሌላ ኩላሊት ሳህኑ ላይ አኖሩ። «አንድ ተርፎኛል» አሉ።

ዶክተር ትንፋሹን ሳበና ዓይኑን አወረደ። ቧንቧዎቹን በጣቱ ጫን ጫን አደረጋቸው። አንዷ ልፍስፍስ ብላ ተኛች፤ ደም መልስ ናት። በሁለተኛዋ የሰደዳት ስንጥር ሰተት ብላ መሃል ገባች፤ ይህቺ የሽንት ናት። ሦስተኛዋ ግድግዳዋ ወፍራም፣ ቢጫኗትም ተመልሳ ክብ የምትሆን ነበረች።

«ደም ቅዳዋ ይቺ ናት» አለ።

ቀጭኔ ቀለሙን ገፋች። ከዚያ ቢላዋውን አነሳችና ቆም አለች።

«ማን ይቁረጠው?»

ዶክተርን ደሙ አሁንም ያስፈራዋል፤ ቀለሙ ዳር መድረስ አለመድረሱን ለማየት ግን ቸኩሏል። እጁን ወደ ቢላዋው ዘረጋ።