ያልተቃኘው ፍላጻ

አቶ ይትባረክ በግቢያቸው ውስጥ፣ ከተጠቀጠቀ ጭድ በተሠራው ኢላማ አጠገብ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ደረታቸው ላይ ላባ የሌለው ጥቁር ፍላጻ ተሰክቷል። በግራ እጃቸው አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ጨብጠዋል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ አሥር ነበር። ሙቀቱ አልበረደም፤ የድሬዳዋዋ ሰፈር ከዚራ ከቀትር እንቅልፏ ገና እየተነሳች ነበር።

ጥሪው ሲደርሳት ኢንስፔክተር ስምረት ቤቷ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ከደሴ ተዛውራ ድሬዳዋ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእረፍት ቀኗ ስልኳ የሚጮኸው ለሥራ ብቻ ነው። ስልኩ ሲጮህ ሰው ስለፈለጋት ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች።

ሬሳውን ያገኙት የጓሮ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቦጋለች ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከግንቡ ጥላ ሥር ቆመዋል።

«ምሳ በስድስት ሰዓት ሰጠኋቸው። ሳህኔን ልወስድ ስመጣ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«በመሃሉ ድምፅ አልሰሙም እትዬ?»

«በዚህ ሙቀት ማን ይሰማል ልጄ! በር ዘግተን፣ ቬንቲሌተር ከፍተን ተኝተናል።»

«ወደዚህ ግቢ የሚመጣው ማነው?»

«ባቡሩ በሚሠራበት በደህናው ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ቀስት ሊማር ይመጣ ነበር። አሁን ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ ቀፊራ ገበያ የሚነግደው ዑመርና ፊርዶስ የምትባል የፋብሪካ ልጅ።»

«ልጅ የላቸውም?»

ቦጋለች ዓይናቸውን ወደ በሩ አሸሹ። «ዓብዩ አለ። እዚሁ ከተማ ነው ያለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ግን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ደጃፍ አልረገጠም።»

ስምረት ግቢውን በዝግታ ዞረችው። ከኢላማው ሃያ እርምጃ ርቆ መሬት ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር አለ። እዚያ ቆማ ስታይ ሬሳው የወደቀው ከኢላማው በስተቀኝ አንድ እርምጃ ላይ ነው። በኢላማው ግራ ጠርዝ ሦስት ላባ አልባ ፍላጻዎች ተሰክተዋል። በረንዳው ላይ፣ ላባ ካላቸው የእንጨት ፍላጻዎች አጠገብ፣ ሦስት የእንጨት ቀስቶች ተሰቅለዋል። የሁለቱ ገመድ ወልቋል፤ የአንዱ ግን እንደተወጠረ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ደብተር አለ፤ ፊደሎቹ ልጅ የጻፋቸው ይመስል ትልልቅ ናቸው፦

«ሐሙስ። ዑመር — ግራ። ፊርዶስ — ግራ። ገና ግትር ነው።»

ስልኩን ከሟቹ ጣቶች አላቀቀችው። ከሰባት ሰዓት ከአርባ እስከ ሰባት ከሃምሳ ድረስ ሦስት ጥሪ ተደርጓል። ሦስቱም ወደ አንድ ቁጥር ነው። አልተነሱም።

ቁጥሩ የዓብዩ ነበር።

*

ዓብዩ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነው። ስምረት ያንኑ ቀን ማታ ሄዳ ዜናውን ስትነግረው አላለቀሰም። የያዘውን የሽቦ ጥቅልል ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ሲደውል አይቻለሁ» አላት። «አላነሳሁም።»

«ለምን?»

«እናቴን የቀበርን ዕለት ለቀስተኛው ሳይበተን ጓሮ ገብቶ ቀስት መጥረብ ጀመረ። እኔ ድንኳን ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የመጥረቢያውን ድምፅ እሰማ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አላናገርኩትም።»

«ዛሬ በሰባት ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ስልኩ ሲጮህ አራት ሰው አጠገቤ ነበር፤ ጠይቂያቸው። ሦስተኛው ላይ ባልደረባዬ ‹አቦ፣ አንሳው እንጂ!› ብሎኛል።» የሽቦውን ጥቅልል በእግሩ ገፋ አደረገው። «ሊታረቀኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ይልፋ አልኩ።»

አራቱም ቃሉን አረጋገጡ። ስምረት ስትወጣ ዓብዩ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሊቀርበው የደፈረ ሰው አልነበረም።

*

ቀፊራ ውስጥ ዑመርን በባልዲና በሳፋ ክምር መካከል ተቀምጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል። የድሬ ሰው ነውና ገና በሁለተኛው ቃል «አንቺ» አላት፤ ስምረትም ከለመደችው ቆይታለች።

«ፍላጻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልደብቅሽም። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ፍላጻቸውን ከእንጨት ነበር የሚሠሩት። እንጨት በዚህ ፀሐይ ይጣመማል። ድሮ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እሳት ላይ እያሞቁ ያቃኑት ነበር። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ካርቦን የሚባለው የፈረንጅ ፍላጻ ግን አይጣመምም፤ በእሱ ይቀይሩ ብዬ አሥራ ሁለት አመጣሁላቸው።»

«ከእሳቸው ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይላሉ ጎረቤቶች።»

ዑመር ተነፈሰ። «ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው። ፍላጻዎቹን ረዝመው ስላየኋቸው ሳልጠይቅ በመጋዝ አሳጠርኳቸው። ካርቦን ሲያጥር ግትር ይሆናል። ሐሙስ ዕለት በፊርዶስ ፊት ተቆጡኝ። ‹ገና ሳይቃኝ ገደልከው› አሉኝ።»

«መቃኘት ማለት?»

«እንደ ክራር ነው። ፍላጻ ከቀስት ሲወጣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስልሻል? እንደ እባብ እየተጣጠፈ የቀስቱን እንጨት ዞሮ ያልፋል። ከቀስቱ ጋር እንዲስማማ ታደርጊዋለሽ። ግትር ከሆነ አይታጠፍም፣ ወደ ጎን ያፈነግጣል። ጫፉ ላይ ክብደት ስትጨምሪበት ደግሞ ይለሰልሳል።»

«ላባውስ?»

«ላባ ጥፋቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ስትቃኚ ራቁቱን ነው የምትለቂው። የሚያርፍበት ቦታ እውነቱን ይነግርሻል።»

«ገመዱ የተወጠረው ቀስት የማነው?»

ዑመር ቀና አለ። «ተወጥሮ? የእንጨት ቀስት ተወጥሮ አያድርም፤ ይለምጣል፣ ኃይሉ ይሞታል። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይኸው ነው። የትኛው ነው?»

«እጀታው ቆዳ የለበሰው።»

«እሱማ የራሳቸው ነው። ጋሼ ግራኝ ናቸው፤ ሲደገን ፍላጻው እጀታው ላይ የሚደገፍበት ቦታ በተቃራኒው ጎን ነው የተቀረጸው። እኛ አንነካውም።»

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ቤቱ ጫት ይዞ ጋደም ብሎ እንደነበር ነገራት። ብቻውን ነበር፤ ምስክር የለውም።

*

ፊርዶስ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። የተከራየቻት ክፍል አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሳጥንና አንድ ወንበር ይዛለች። ወንበሩን ለስምረት ሰጥታ እሷ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ አልሄድኩም» አለች። «ተረኛ ነበርኩ። በስምንት ሰዓት ነው የምንገባው።»

«ዘወትር ቅዳሜ ግን ትሄጃለሽ?»

«ለአንድ ሰዓት። ከዚያ ወደ ሥራ።»

«ቤተሰብ አለሽ?»

«አያቴ ነበረች። አሁን ማንም የለኝም።»

ሻይ ቀዳች። ብርጭቆውን ለስምረት ያቀበለቻት በግራ እጇ ነበር፤ ወዲያው ደንግጣ «ይቅርታ» አለች። ቀኝ እጇ ከሻሿ ሥር አልወጣም።

ስምረት ሻዩን ጠጥታ ጨረሰች። ይህች ልጅ ብርጭቆ በግራ እጅ እንደማይሰጥ እየተነገራት ያደገች ናት። ሳትወድ ነው የሰጠችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄዳ የመግቢያ ሰዓት መዝገቡን አየች።

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አራቱም በአቶ ይትባረክ ግቢ ተሰበሰቡ። ቦጋለችና ፊርዶስ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዑመር ቆመ። ዓብዩ ከበሩ ብዙም አልራቀም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መግባቱ ነው።

«ሰው ለመግደል የመጣ ሰው» አለች ስምረት፣ «ቀጥ ብሎ የማይሄድ ፍላጻ አይመርጥም። ላባ ያላቸው የእንጨት ፍላጻዎች በረንዳው ላይ ነበሩ። የገደላቸው ግን ያልተቃኘና ላባ የሌለው ነው። ስለዚህ ያ ፍላጻ የተለቀቀው ለሙከራ ነው። የታለመው ኢላማው ላይ እንጂ እሳቸው ላይ አልነበረም።»

«አቤት ጌታዬ» አሉ ቦጋለች።

«ዓይናቸው ከሩቅ ስለማያይ፣ ፍላጻው የት እንዳረፈ ለማወቅ ኢላማው አጠገብ ይቆሙ ነበር። ቦታውን የመረጡት ግን በጥንቃቄ ነው። ደብተራቸው ‹ግራ፣ ግራ› ይላል። ፍላጻው ወደ ግራ የሚያፈነግጥ ከሆነ ቀኙ ደህና ነው ብለው በቀኝ ቆሙ። ታዲያ የቅዳሜው ፍላጻ እንዴት ወደ ቀኝ ሄደ? ዑመር፣ የራስህን ቀስት አንሳ።»

ዑመር በቀስቱ ላባ የሌለው ፍላጻ ደግኖ ለቀቀ። ፍላጻው የኢላማውን ግራ ጠርዝ መታ።

«አሁን የእሳቸውን። በግራ እጅህ ሳበው።»

ዑመር አመነታ። ቀስቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በማያውቀው እጅ እየተቸገረ ስቦ ለቀቀ። ፍላጻው ኢላማውን በስተቀኝ ስቶ፣ ከኋላው ያለውን ግንብ መትቶ ተሰበረ። የመታው ቦታ የሰው ደረት በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነበር።



«የግራኝ ቀስት ሁሉንም ይገለብጠዋል» አለች ስምረት። «ቅዳሜ ቀስቱን የያዘው ሰው በእሳቸው ቀስት፣ በግራ እጁ ስቧል። እሳቸው አላዩም፤ እሱም አልነገራቸውም። ለምን በማያውቀው እጅ ሳበ? ቀኝ እጁ መሳብ ስላልቻለ። ሲሸሽ ቀስቱን እንደ ወጉ ቦታው ሰቅሎታል፤ ገመዱን ግን አላወለቀም። ዑመር ቢሆን በአንድ ትንፋሽ ያወልቀው ነበር። ዓብዩም በዚህ ቤት ነው ያደገው፤ በዚያ ላይ በዚያች ሰዓት ከሥራው ንቅንቅ አላለም። ገመዱን ለማውለቅ ሁለት ጤነኛ እጅ ያስፈልጋል።»

ወደ ፊርዶስ ዞረች። ድምጿ ዝቅ አለ።

«ቅዳሜ ፋብሪካ የገባሽው በስምንት ሰዓት ከሃያ ነው። እጅሽን አሳዪኝ እህቴ።»

ፊርዶስ ቀኝ እጇን ከሻሿ ሥር አወጣች። ሌባ ጣቷና የመሃል ጣቷ በፋሻ ተጠቅልለው አብጠዋል።

«ረቡዕ ነው» አለች። «ቸኩዬ መርፌው ሥር አስገባሁት። ሐሙስ እንደምንም ሳብኩ፤ ቅዳሜ አልቻልኩም። የእሳቸው ቀስት ጠዋት ራሳቸው እንደወጠሩት ነበር፤ እሱን አነሳሁ።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«‹እስኪድን አትምጪ› ይሉኛላ።» እንባዋ ወረደ። «ፋብሪካ በቁጥር ነው የምጠራው። በዚህ ከተማ ፊርዶስ ብለው የሚጠሩኝ እሳቸው ነበሩ። አንዲት ቅዳሜ እንኳ እንዳትቀርብኝ ብዬ... ‹ልቀቂ› አሉኝ፣ ለቀቅኩ።»

ዓብዩ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። ዑመር ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ግን አላስፈለገም።

«ወዲያው ሞተ?» ሲል ጠየቃት።

«አልሞቱም። ሮጬ ሄድኩ። ‹አይዞሽ፣ ሰው ጥሪ› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«መንገዱ ላይ ሰው የለም። በር ሁሉ ተዘግቷል። ጥግ ላይ ቆሜ ሳማትር ባጃጅ መጣ። ልጁ ‹ወዴት ነው?› አለኝ። ‹ድረስልኝ› ልለው ነበር፤ ወላሂ ልለው ነበር። አፌ ‹ፋብሪካ› አለ።»

ቦጋለች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዑመር ሰማይ ሰማይ አየ።

ዓብዩ አግዳሚው ላይ፣ ከፊርዶስ አጠገብ ተቀመጠ። ስምረት ከእሱ ያስቀረችው አንድ ነገር ነበር። ሊጠይቃት ሲያቅማማ አይታ ራሷ ነገረችው።

«አባትህ የስልካቸውን ቁጥር ሁለት ተጭነው ሲይዙት ወደ አንተ ይደውላል። ሌላ ቁጥር ለማንበብ ዓይናቸው አይችልም ነበር። ከተመቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆዩ አልቀሩም ብሏል ሐኪሙ።»

ዓብዩ ራሱን ነቀነቀ። ፊርዶስ ልታየው አልደፈረችም። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው፣ የፖሊስ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ተቀመጡ። ስምረትም አላጣደፈቻቸውም።

መኪናው መጣ። ፊርዶስ ጫማዋን አስተካክላ ተነሳች፤ ዑመር በሩን ከፈተላት። ስምረት ከኋላዋ ልትገባ ስትል ዓብዩ ጠራት።

«ኢንስፔክተር፣ ስንቅ የሚያቀብላት ሰው አላት?»

«የላትም።»

ዓብዩ የግቢውን ቁልፍ ከቦጋለች ተቀብሎ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትቀበሉት?»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ» አለችው።