ነጩ ገብስ

የዘሩ መጋዘን በተከፈተ ጠዋት ሁለት ጆንያ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ቁልፉ ደህና ነው። በሩ ደህና ነው። ጣሪያው አልተነካም። ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር የነበሩት ሁለት ጆንያዎች ግን ተኮማትረው ወድቀዋል። ገብሱ የዋዛ ገብስ አልነበረም። ድርቁ ከመካነ ሰላም ዙሪያ ዘር የሚባል ነገር ጠራርጎ ስለወሰደ፣ ከሌላ አገር በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ነጭ ገብስ ነው። በመካነ ሰላም የሚዘራው ጥቁሩ ስለሆነ፣ ነጩን እጁ ላይ ያገኙበት ሰው ከየት እንዳመጣው መናገር ነበረበት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አምባቸው ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቀም። ጆንያዎቹን ጎትቶ ደጅ ጣላቸው፤ የመጋዘኑን ዘበኛ ጀብሪልን የፊጥኝ አሰረው፤ «ፖሊስ ጥሩ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው ግንቦት 1967 ነው። የመሬት አዋጁ ከታወጀ ገና ጥቂት ወሩ፣ አምባቸውም ለሥልጣኑ እንግዳ ነበር። የእንግዳ ሰው እጅ ደግሞ ይፈጥናል።

ሐረግ ይህን ሁሉ ከአክስቷ ደጃፍ ቆማ አየች።

ሐረግ ገዳሪፍ፣ ሱዳን ተወልዳ ያደገች ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ገበየሁ በጣልያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ተሰዶ እዚያው ቀረ፤ ከሁለት ዓመት በፊትም እዚያው ሞተ። «አገሬን እዪልኝ» ብሏት ስለነበር ለማየት መጣች። ያረፈችው በሕይወት ከቀሩት አንድ እህቱ ከእመት አልታየች ዘንድ ነው። መጋዘኑ ድሮ የእመት አልታየች ትልቁ ቤት ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ለእህል ማስቀመጫ ተወሰደና፣ እሳቸው ከጀርባው በተጠጋችው ማጀት ቀሩ።

ገዳሪፍ ውስጥ «ሐበሻዋ» ይሏት ነበር፤ እዚህ ደግሞ «ሱዳኗ» ሆነች። ግን አልከፋትም። ገበያ ስትወጣ የማታውቀው ሰው ሁሉ ያስቆማታል። «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። «የገበየሁ» ስትል አገላብጦ ይስማታል። በዕድሜዋ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከቀትር በኋላ የጀብሪል ጎጆ ተበረበረ። ጀብሪል ከምሥራቅ ቆላ ርሃብ ያፈናቀለው ሰው ነው። ከባለቤቱ ከወርቂቱና ከሕፃን ልጃቸው ጋር መጥቶ፣ በዘበኝነት ተቀጥሮ፣ በዚያ ክረምት ዘርና ማሳ ሊደርሰው ተራ ይዞ ነበር። ከሰፌድ ሥር አንድ ቅል ነጭ ገብስ ተገኘ።

«ከየት አመጣኸው?» አለው አምባቸው።

«አላህ ሰጠኝ።»

«በማን እጅ?»

ጀብሪል ዝም አለ። ቢመቱትም ዝም አለ። በማግስቱ ደሴ ለወታደሮቹ እንዲሰጥ ተወሰነ። በዚያ ሰሞን ዘር ሰረቀ ተብሎ ደሴ የተወሰደ ሰው ሲመለስ ማንም አላየም።

ሐረግ ይህን አላምን አለች። ጀብሪልን በሩ ሥር ተቀምጦ ዚክር ሲል፣ የአላህን ስም ሲያነሳ እንጂ ሌላ ነገር ሲያደርግ አይታው አታውቅም። የሃምሳ አለቃ ክንፈ ጎረቤቶችን እየጠራ ሲጠይቅ፣ ሳይጠሯት ሄደች። ለሰውዬው ልመስክርለት ብላ ነው።

ክንፈ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ፖሊስ ነበር።

«ሌሊት ድምፅ ሰምተሻል፣ እህቴ?»

«አልሰማሁም።»

«ጀብሪል ሲገባ፣ ሲወጣ?»

«ገብቶ አያውቅም። በደጅ ነው የሚያድረው።»

«አምባቸውም ቁልፍ አለው።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ያያል። ባዶ እጁን ይወጣል።»

ክንፈ ተነፈሰ። አምባቸውን ጠርጥሮት ነበርና ያም መንገድ ተዘጋ። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሁን። አገሩስ እንዴት ነው? ለመድሽ?»

ይህን ከመጣች ወዲህ ሁሉም ይጠይቃታል፤ መመለስም ትወዳለች። ሳታስበው ፊቷ ፈካ።

«ለመድኩ። ውሃ መቅዳት ለመድኩ። ልስንም ተማርኩ። አክስቴ ጭቃና እበት አቡክተው ግድግዳውን አብሬያቸው ለሰንኩ።»

«የቱን ግድግዳ?»

«የማጀቱን፣ የኋለኛውን። ከመጋዘኑ ጋር የሚያዋስነውን።»

«ጎበዝ። ሌላስ?»

«ብቅል ሲበቅል አየሁ። አባቴ ያወራልኝ ነበር እንጂ አይቼ አላውቅም። ገብሱ ርሶ፣ በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ሲገልጡት ሥር አውጥቶ…»

«ጥቁሩ ገብስ ነው?»

«የለም፣ ነጭ ነው።»

ክንፈ ብዕሩን አላነሳም። ሐረግ የተናገረችው ነገር ለራሷ የተሰማት ያኔ ነው። ቃሉን መልሳ ብትውጠው በወደደች።

«የሃምሳ አለቃ፣ እኔ ለጀብሪል ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ለጀብሪል ጠቅመሻል» አለ ክንፈ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

ማጀቱ ውስጥ ገብቶ ልስኑን በጩቤው ጫፍ ቧጠጠ። ከጉልበት በታች፣ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ተገኘች። ጆንያዎቹ ከዚያ በኩል ተቀድደው በሽክና ተቀድተዋል። አምባቸው ጆንያዎቹን በችኮላ ባይጎትታቸው ኖሮ ቅዳጁ ወደ ግድግዳው ፊቱን እንዳዞረ ይገኝ ነበር። በቀዳዳዋ አፍ ላይ የሐረግ የመዳፍ አሻራ ደርቆ ነበር፤ ያን ቀን እየሳቀች የመታችው ጭቃ።

እመት አልታየች መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልካዱም።

«ለምን እመት አልታየች?» አላቸው ክንፈ።

እሳቸው ያዩት ወደ ሐረግ ነው።

«በመጣሽ ማግስት የወንድሜን ተዝካር እንዴት አወጣችሁት አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

ሐረግ ትዝ አላት። ቀለል አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ነበር የመለሰችው። «እዚያ ማን ተዝካር ያወጣል፣ አክስቴ? ቀብረነው ወደ ሥራችን ገባን» ነበር ያለችው። እሳቸው ያኔ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሜዳ ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው» አሉ እመት አልታየች። «የሰኔ ጾም ሳይገባ ላወጣለት አሰብኩ። በቤቴ አንድ ቁና እህል የለም። ከግድግዳዬ ማዶ ግን እስከ ጣሪያ ተከምሯል። የሚበላውም ያው የተራበ ድሀ ነው አልኩ። የሚዘራ መሆኑን ልቤ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።»

«ሰው ሲታሰርብዎ?»

«ነገ እናገራለሁ፣ ተዝካሩ ይለፍና እናገራለሁ አልኩ። ይህችን አላህም እግዜርም አይምረኝ።» ፊታቸውን ወደ ክንፈ መለሱ። «ለወርቂቱ ቅሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ጡቷ ደርቆ ልጇ ሲያለቅስ አላስችል አለኝ።»

ክንፈ ነጠላቸውን አንስቶ ሰጣቸው። «ለአምባቸው አልሰጥዎትም» አለ። «ፍርድ ቤት ነው የማቀርብዎ።»

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁብዎ» አለች ሐረግ። እንባዋ ቀደማት።

«አውቃለሁ፣ የኔ እናት። መሸፈን አላስተማርኩሽም።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ብቅሉን አስጪው። እንዳይሻግትብሽ።»

በማግስቱ ሐረግ ብቅሉን በሰሌን ላይ ዘርግታ ፀሐይ አሰጣችው። ሌላ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ተዝካር በተሰረቀ ዘር እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ትጣለው እንዳትል ደግሞ አገሩ ተርቧል። ገበያተኛው በበሩ ሲያልፍ ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አላስቆማትም።

ጀብሪል ተፈትቶ በዚያ መጣ። እጆቹ ከገመዱ የተነሳ አብጠው ጣቶቹ አልገጥም ብለዋል። ሐረግ ተነስታ ቆመች።

«ሲመቱህ ለምን አልተናገርክም?»

«እጇን ዘርግታ ለልጄ የሰጠችን ሴት እንዴት አድርጌ አሳልፌ ልስጥ?» አለ። «አንቺም አብሽሪ፣ አይዞሽ። አልፏል።»

ግን አላለፈም። ሁለቱም ያውቁታል። ከተራው ሰልፍ መጨረሻ ላይ የነበረው ጀብሪል ነው፤ ዘሩ የጎደለውም ለመጨረሻዎቹ ነው። አምባቸውም ለመጤ ብሎ ሌላ ዘር አያስመጣም።

ጀብሪል በሰሌኑ ዳር ቁጢጥ አለና ባበጠው ጣቱ አንድ ፍሬ አነሳ። ነጩን ሥር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሌላ አነሳ፤ ሌላም።

«ጥሩ ዘር ነበር» አለ። «አንድ የመከነ የለውም። ሁሉም በቅሏል።»

ሐረግ ጎንበስ ብላ ከሰሌኑ ዳር የፈሰሰውን ብቅል ሰበሰበች።

«ተዝካሩ የማን ነበር?» አላት።

«የአባቴ።»

«አላህ ይማራቸው» አለ ጀብሪል። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሰሌኑ መልሶ፣ እጁን አራግፎ፣ ወደ ጎጆው ሄደ።