በባዕድ መቃብር ላይ ያለ ስም

ሽማግሌ በሚላክበት ቀን ጠያቂው ራሱ አብሮ እንዲመጣ ወጉ አይፈቅድም። ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ሽማግሌም የሚነዳለት ይፈልጋል፤ ከሎንግ ቢች ይዟቸው የመጣው ኢዛና ራሱ ነበር። ፌርፋክስ ጎዳና ዳር መኪና ውስጥ ሆኖ እንዲጠብቅ ተነግሮታል።

የምትጠየቀው ሰርካዲስ ከወጥ ቤቱ ሆና ታዳምጣለች። ኢዛና እሷ በምትሠራበት ምግብ ቤት ዓመት ሙሉ ሽሮ እያዘዘ፣ እሷን ሲያይ ሽሮው እየቀዘቀዘበት ነው የተዋደዱት። ቤታቸው ገብቶ ግን አያውቅም። እናቷ እትዬ ኤልሳቤጥ ዛሬ እሺ ካሉ ከፋሲካ በኋላ ይጋባሉ።

ሽማግሌው ጋሼ አድማሱ ገና ንግግር ሲጀምሩ በሩ ተከፈተ።

«ይቅርታ፣ መኪናውን ሙቭ ላድርገው ወይስ...» ኢዛና አልጨረሰም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ቀረ።

ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ ተሰቅሏል፦ በእንግሊዝ ገጠር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ የባለርስት ቤተሰብ የድንጋይ መቃብር። በጣሊያን ጊዜ ተሰደው እዚያ መንደር የሞቱትን ፊታውራሪ መኩሪያን፣ ያስጠጓቸው እንግሊዞች ከራሳቸው ሙታን ጋር ቀብረው ስማቸውን ከታች አስቀርጸውላቸዋል። ሰርካዲስ ልጅ ሳለች «ቅድመ አያቴ ሞተውም ጥገኛ ናቸው» እያለች ትቀልድ ነበር።

«ይሄ ፎቶ እኮ አባዬ ጋም አለ!» የኢዛና ፊት በራ። «ፊታውራሪ መኩሪያ የአያቴ አባት ናቸው! ሶ፣ ቤተሰብ ነን ማለት ነው!»

እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። የምሥራች የነገራቸው መስሎት ነበር።

ጋሼ አድማሱ አንገታቸውን ደፉ።

«ለእኔ ደግሞ አያቴ ናቸው» አሉ እትዬ ኤልሳቤጥ። «ከስደት በፊት ጎሬ ከሌላ ሴት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር ሲባል እንሰማ ነበር። ሰባት ቤት ሳይሞላ እንዴት ልስጥህ ልጄ? ገና ሦስተኛው ላይ ናችሁ።» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ። «ሰርካዲስ፣ ነይ ወንድምሽን ሸኚው።»

መኪናው አጠገብ ቆሙ።

«ሲቲ ሆል ሄደን ጋብቻችንን እንፈራረም» አላት። «ማን ይቆጥራል?»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ። እማዬ ሳትናገር።»

«ዝም ብል ኖሮስ?»

የመኪናውን በር ከፈተችለት።

«ዝም ብትል ኖሮ ሚስትህ ነበርኩ።»

ከዚያ ቀርባ፣ እንደ ዘመድ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችውና ወደ ቤት ገባች።