የሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

ይህ ነገር የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በሕልሜም አላየሁትም።

የሌሊት ታሪክ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የጀመረው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጠረጴዛዬን አቧራ አንድ በአንድ እያሳየችኝ።

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ያለችው ትንሽ ስቱዲዮ የአባዬ ነበረች። ሥራው ትረካ ነው፤ መጽሐፍ እያነበበ በድምፅ ይቀርጻል። መስታወት ያለው ጠባብ የመቅረጫ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክ። ከመስታወቱ ወዲህ ኮምፒውተሩና እኔ እንቀመጣለን።

አባዬ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የባዶውን ክፍል ዝምታ ሠላሳ ሰከንድ ያስቀርጸኝ ነበር። «ክፍሉ ይተንፍስ» ይላል። በኋላ ንግግር ቆርጠን ያወጣንበትን ቦታ በዚያ ዝምታ እንሞላዋለን።

ችግሩ፣ ሠላሳ ሰከንድ ዝም ማለት አይሆንለትም። አሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህም።» ከዚያ እሱ ይስቃል፣ እኔ እነጫነጫለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን።

የመጨረሻ መጽሐፉ ሁለት መቶ ሃያ ገጽ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደረሰና «ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ተኛ።

አልተነሳም።

እማዬ የቀሩትን ስምንት ገጾች አላነበበችም። መጽሐፉን እንኳ ነክታው አታውቅም። «እሱ ነው የጀመረልኝ፣ ሌላ ሰው አይጨርስልኝም» አለች። ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ስቱዲዮው ትመጣለች፣ ሄድፎን ታደርጋለች፣ አንድ ገጽ ታዳምጣለች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስትደርስ ከአንድ ትጀምራለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። ያ ድምፅ የነበረው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ኮፒ አልነበረንም... የድምፅ ባለሙያ ሆኜ ይህን መናገር ያሳፍረኛል።

ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነበር። ሥራ መሃል ቀጥ ይላል፣ ድምፅ ይቆራርጣል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ፍላሽ ሰጠኝ። ውስጡ ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። «መጀመሪያ ከፍላሹ ላይ አስነስተህ ሞክረው፣ ዲስክህን አይነካም። ከወደድከው ትጭነዋለህ» አለኝ።

ታናሽ እህቴ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቢፈነዳ እኔ የለሁበትም» አለች እየሳቀች።

ሲስተሙ ከፍላሹ ተነሳ። ፈጣን ነው። የድምፅ ካርዱን አወቀው፣ ማይኩን አወቀው። እህቴ ማይኩ ላይ ስታወራ ድምፁ ሳይዘገይ ይመለሳል። ደስ አለን።

«በል የአባዬን ፈተና እንስጠው» አለች።

የመቅረጫ ክፍሉን በር ዘጋን። ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ ቀረጽን። መልሰን አዳመጥነው።

ዝምታ...

ዝምታ...

አሥራ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ፦ «እህም።»

እህቴ ዞራ አየችኝ። ሳቋ ጠፍቷል።

«አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም።»

«አትቀልድ...»

«አልቀለድኩም አልኩሽ።»

ተነስቼ ማይኩን ነቀልኩት። ሄድፎኑን ነቀልኩት። የቀረውን ገመድ ሁሉ ነቃቀልኩና እንደገና ቀረጽኩ። ምንም ያልተሰካበት ማሽን ምን ሊቀርጽ ይችላል? በኮምፒውተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት።

አሥራ ሰባት ላይ፦ «እህም።»

ይኸኛው ቀረብ ያለ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ቃል ተከተለ። በሹክሹክታ።

«ቆይ...»

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ካድኳት። «የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው። የድሮው ቅጂ ከሆነ ቦታ ገብቶበት ይሆናል።» እኔ ራሴ የማላምነውን ነገር እንደ ባለሙያ አብራራሁላት።

«ይቅርብን» አለች።

«ነገ የማስረክበው ሥራ አለ። ይሄ ማሽን ደግሞ አያስጨርሰኝም።»

«እሺ የአባዬን ድምፅ ኮፒ አድርገው።»

ልክ ነበረች። የድሮውን ዲስክ ከፈትኩ፣ የአባዬን ፎልደር ወስጄ አዲሱ ዴስክቶፕ ላይ ገለበጥኩት። መስመሩ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከፍቼም አየሁት፤ አለ። እንግዲህ ምን ቀረ አልኩ በልቤ።

የመጫኛው ፕሮግራም ጠየቀኝ። ከድሮው ጎን ልጫን ወይስ ዲስኩን በሙሉ ላጥፋው?

እህቴ «ኮፒ አድርገሃል አይደል?» አለችኝ።

«አድርጌያለሁ።»

«አጥፋው» የሚለውን ተጫንኩ።

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ንጹሕ፣ አዲስ፣ ፈጣን። ማይኩን መልሼ ሰካሁና ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ ቀረጽኩ። አዳመጥነው። አሥራ ሰባት አለፈ... ሃያ... ሠላሳ... ምንም የለም። እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አየሽ?» አልኳት።

ከዚያ የአባዬን ፎልደር ልከፍት ዴስክቶፑን አየሁ።

ባዶ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ሲስተሙ ከፍላሽ ላይ ሲነሳ እንግዳ ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ የምታስቀምጡት ነገር ሁሉ ለጊዜው ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የገለበጥኩት እዚያ ላይ ነበር። ዋናውን ደግሞ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ለሥራው ጀማሪ የሆነ ሰው እንኳ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። «ቆይ» ተብዬም ነበር።

ከውጭ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ።

ሸርተት... ሸርተት...

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

እማዬ ገባች። እንደ ሁልጊዜው ቦታዋ ተቀመጠች፣ ሄድፎኑን አደረገች። «በል የኔ ልጅ፣ ክፈትልኝ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን እጄ ሄዶ ያለችውን አንዲት ፋይል ነካ... ያቺን የሠላሳ ሰከንድ ባዶ ዝምታ። ሠላሳ ሰከንድ ለመግዛት ነው። ሲያልቅ እነግራታለሁ አልኩ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ፈገግ አለች።

ሠላሳ ሰከንድ አለቀ። እሷ ግን ሄድፎኑን አላወለቀችም።

አንድ ደቂቃ... አምስት ደቂቃ... ራሷን ቀስ እያደረገች ትነቀንቃለች፣ አባዬ ጥሩ ቦታ ሲደርስ እንደምታደርገው።

እህቴ በክርኗ ነካችኝና በጣቷ ወደ ታች አሳየችኝ። የሄድፎኑ ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ስነቃቅል ነቅዬው ማይኩን ብቻ ነበር የመለስኩት።

እማዬ ዓይኗን ገለጠች።

«ዛሬስ አዲስ ገጽ ነው» አለች። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ሴትየዋ ጀልባውን ሳትሳፈር ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ በሩን ሰማያዊ ቀብተውት አገኘችው።»

ስትወጣ የአባዬን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ገጹን ገለጥኩ።

ሰማያዊ በር አለ።

ልነግራችሁ የሚከብደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በማግስቱ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ሰማች። ከዚያ አሥራ አምስትን። በየቀኑ አንድ ገጽ። በየቀኑም ትንሽ ትገረጣለች፣ እጇ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ «ደህና ናት» አለን። ስናወራት መልሷ ዘግይቶ ይመጣል፣ ከሌላ ሰው ጋር እያወራች መሃል ላይ እንዳቋረጥናት።

ሄድፎኑን ደበቅኩት። ባዶ ጆሮዋን ተቀምጣ አዳመጠች። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልኩ። ጥቁሩን ስክሪን እያየች አዳመጠች። በሩን ብቆልፍባት አለቀሰች፣ እንደ ሕፃን፣ አንጀቴን እስክትበላው ድረስ። ከፈትኩላት።

ትናንት ሰባተኛው ቀን ነበር። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ።

ስትነሳ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ነገ ያልቃል» አለች።

«እማዬ... ካለቀ በኋላስ?»

«አባትህ ቦታ ይዤልሻለሁ ብሏል።»

እህቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም፤ ከእማዬ አልጋ አጠገብ አደርን። እናቴን እንዳላጣ ፈራሁ፣ እስካሁንም እፈራለሁ። ትንፋሿን ስቆጥር ነጋ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ወደ ስቱዲዮው መጣሁ። እማዬ ግቢው ውስጥ ነበረች፤ በመስኮቱ ትታየኛለች፣ አበባዎቿን ውሃ ታጠጣለች። አባዬን ልለምነው ነው የመጣሁት። በሌላ መንገድ እንዴት እንደማገኘው አላውቅም። ኮምፒውተሩን ሰካሁ፣ ማይኩን ከፈትኩ። «አባዬ፣ እባክህ ተዋት» አልኩ። ከዚያ ሠላሳ ሰከንድ ዝም አልኩ።

መልሼ አዳመጥኩት።

ዝምታ...

አሥራ ሰባት ላይ፦ «እህም።»

ሃያ ላይ፦ ሸርተት... ሸርተት... ሸርተት...

ሃያ አምስት ላይ ወንበር ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው ተደላድሎ ተቀመጠ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁለት ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

በመስኮቱ ወደ ግቢው አየሁ። እማዬ አሁንም ውሃ እያጠጣች ነው። ቀና ብላ አየችኝና እጇን አነሳችልኝ። እግሯ ባዶ ነው፤ እርጥቡ አፈር ላይ ቆማለች።

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። የመቅረጫ ክፍሉ በር ትናንት እንደቆለፍኩት ተቆልፏል።

ነጠላ ጫማዋ ሁለተኛው ወንበር ሥር፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል።